ጉርሻ በአማት ፊት

ሰው እራት መጋበዝ ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲበላ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሳይቀር አይቻለሁ። ችግሩ ሁልጊዜ የወጡ ማነስ ነው፤ ካልሆነም ሥጋው ለእነ እገሌ ጠረጴዛ ማድላቱ ነው። ወጥ ሞልቶ፣ እንግዳ ሞልቶ፣ የሚበላ ሰው ጠፍቶ ያየሁት ግን ጋምቤላ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ርዕሰ መምህር ነኝ። ለማታውቁት፣ ይህ ማለት ደወሉን የተቀማ ሰው ማለት ነው። ደወል ባስደወልኩ ቁጥር ግቢ ሙሉ ተማሪ ሲሰለፍልኝ ኖሬ፣ ቤቴ ስቀመጥ ድመታችን እንኳ ስጠራት ዞራ አታየኝም። ባለቤቴ አልማዝ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉ ቀሚሶቿን በቁመት አሰልፌ ያገኘችኝ ቀን ነው "በቃ፣ ጌታን እናገልግል" ያለችው። ቤተ ክርስቲያናችን ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያበቁ ባልና ሚስቶችን ለአገልግሎት ወደ ክልል መላክ ጀምራ ስለነበር ሄደን ተመዘገብን። የት መሄድ እንደምንፈልግ ሲጠይቁን አልማዝ "ጌታ የወደደው ቦታ" አለች። እኔም "አሜን" አልኩ፤ በልቤ ግን ጌታ ቢሾፍቱን ቢወድ ምን ነበረበት እያልኩ ነበር። ጋምቤላ ደረሰን።

ከመሄዳችን በፊት ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኛችን ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ያሰረ ወጣት ነው። ስለ ወባ አስተማረን፣ ስለ አጎበር አስተማረን፣ ስለ አዞ በፎቶ አስደግፎ አስተማረን። በመጨረሻ "ባህልን አክብሩ" የሚል ጽሑፍ ግድግዳውን ሞልቶ መጣና ለሻይ ተለቀቅን። የትኛውን ባህል፣ በምን አኳኋን፣ በማን ፊት የሚለው ከሻይ በኋላ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ከሻይ በኋላ የመጣው የምስክር ወረቀት ነው። ልጁን ኮሪደር ላይ ይዤ "ለመሆኑ ጋምቤላን ታውቃታለህ?" ብለው "በጣም እጸልይላታለሁ" አለኝ።

ስለ ሙቀቱ ብዙ አልላችሁም። ቅቤ እዚህ በጠርሙስ ነው የሚቀመጠው ካልኳችሁ ይበቃል። የተሰጠን ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ፤ ኑሯችንም እንቅልፋችንም አገልግሎታችንም ከእሱ ሥር ሆነ። ሥራችን የወጣቶችን ኅብረት ማጠናከር ነው ተብለን ነበር። ስንደርስ እንደገባኝ ግን ዋናው ሥራችን ፎቶ መላክ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ላኪዎቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው በየቀኑ "ወጣቶቹስ?" ይላሉ። ወጣቶቹ ሲዘምሩ ላክሁ። "ተባረኩ" አሉና "አብራችሁ ስትመገቡ የሚያሳይስ የለም?" ብለው ጠየቁ። ያገራችን ሰው አገልግሎት መካሄዱን የሚያምነው የሚጎርስ ሰው ሲያይ ነው።

እንግዲህ እራት አዘጋጀን። አልማዝ ማለዳ ባሮ ዳር ወርዳ፣ ሕፃን ልጅ የሚያክል አሳ ከአጥማጆቹ ገዝታ መጣች። ዶሮም ሠራች። አልማዝ ዶሮ ወጥ ስትሠራ ሰፈር ውስጥ የታመመ ሰው ይሻለዋል። ወጣቶቹም ቀጠሮ አክብረው፣ ለብሰው፣ ተቀባብተው መጡ። ከመካከላቸው ሦስቱን ልንገራችሁ። ኮንግ ባጃጅ ይነዳል፤ ከመጣን ጀምሮ አልማዝን ከገበያ በነፃ እያመላለሰ የልጅ ያህል የሆነልን ኑዌር ነው። ኛማል ነርስነት ትማራለች፤ እሷም ኑዌር ናት፣ መዘምራን ውስጥ ድምጿን ከሩቅ ትለዩታላችሁ። ኡመድ ደግሞ መሃል ከተማ ቢሮ የሚሠራ አኙዋክ ነው፤ አኙዋክኛም፣ ኑዌርኛም፣ አማርኛም ይችላል፤ በሦስቱም ይቀልዳል።

ጸለይን። "ብሉ እንጂ" አልኩ። ወንዶቹ ማንጎውን አዩ። ሴቶቹ ጥፍራቸውን አዩ።

"ጠግበናል" አለ ኮንግ።

"ጠግበናል" አለች ኛማል።

ሁሉም ጠግበዋል። በመልካም ምግባራቸው ተደነቅሁ፤ ያገሬ ሰውም መጀመሪያ "በቃኝ" ይላልና ለምኜ፣ አስምዬ፣ "በሞቴ" ብዬ ሞከርኩ። ለካ እዚህ "በሞቴ" ቢሏቸው ያዝናሉ እንጂ አይበሉም። ያ ሁሉ ወጥ እንደ ቀረበ ተነሣ። መብራትም ያን ሰሞን ስላልነበረ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆኖ ነበርና፣ በማግስቱ ለጎረቤት አደልነው። አልማዝ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። "ወጤን እኮ ማንም መልሶብኝ አያውቅም" ትላለች። እውነቷን ነው፤ እንኳን ሌላ ሰው፣ እናቴ እንኳ አልመለሰችባትም፤ እናቴ ደግሞ የአልማዝን ሰላምታ ሳይቀር ትመልስባት ነበር።

ለሚቀጥለው እራት በርበሬውን ቀነስን። አልተበላም። ለሌላው መኮሮኒ ሠራን። አልተበላም። አንድ ነገር ግን ታዘብኩ። ሴቶቹ ዕቃ ለማጠብ ወደ ጓሮ ሲሄዱ፣ በወንዶቹ በኩል ያለው ሳህን ድንገት ይጎድላል። ወንዶቹ ባጃጅ ሊገፉ ሲወጡ ደግሞ በሴቶቹ በኩል ያለው ይጎድላል። ተማሪ ሲኮርጅ ከጀርባው አውቃለሁ እያልኩ የኖርኩ ርዕሰ መምህር ይህን ሁሉ ምልክት ደማምሬ የደረስኩበት መደምደሚያ፣ የጎረቤት ውሻ ነው የሚል ነው። የግቢውን በር ዘጋሁት።

በመጨረሻ ያዘነልኝ ኡመድ ነው። አንድ ቀን ለብቻዬ አገኘኝና "ጋሼ፣ ውሻውን ተወው" አለኝ። "እዚህ ጎረምሳ ሊያገባት በሚችላት ልጅ ፊት አይበላም። እሷም እሱ እያያት አትበላም። ነውር ነው። አሁን ከተማ ውስጥ ትንሽ ላልቷል፣ ካፌ ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶ የሚበላ አለ። አማት ፊት ግን..." እጁን አናቱ ላይ ጫነ። "አማት ፊት ከመብላት ልብስ አውልቆ ገበያ መሃል መሄድ ይሻላል። እኛም አኙዋኮች አማት እናከብራለን፣ ኑዌሮች ግን ይብሳሉ።"

"ደግሞ አማት ያለው ማን አለ?" አልኩት።

"ኮንግ ነዋ" አለ።

ለካ ዓይኔ ሥር የሚሆነውን የማላውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ኮንግና ኛማል ይዋደዳሉ፤ ቤተሰብ ለጥሎሽ ስለሚሰጠው ከብት መነጋገር ጀምሯል። ነገሩን የያዘችው የኛማል እናት ናት። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ አጠገብ ዘመዶቿ ዘንድ ትኖራለች፤ ኮንግ ከሕፃንነቱ ከተማ ያደገ፣ ባጃጁ ውስጥ ዘፈን የሚያስጮህ ልጅ ነው ብለው ነግረዋታል። "ከብቱስ ይገኛል፤ ክብር ግን ከየት ያመጣል?" ብላለች አሉ። ዓይቼው ልወስን ብላ ቅዳሜ ትመጣለች። የምታየውም እኛ ቤት ነው፤ ልጅቷና ልጁ ያለ ሐሜት የሚገናኙበት ቦታ ሌላ ስለሌለ።

ኮንግ ራሱ ሊለምነኝ መጣ። ባጃጁን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ቆብ አውልቆ ነው ያናገረኝ።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ጌም እንጫወት። እሷ ትየኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ጠይቀኝ፣ እመልሳለሁ። መዝሙር በለኝ፣ እዘምራለሁ። ምግብ ግን አትስጠኝ። እሷ ስበላ ካየችኝ፣ በቃ፣ ኛማል የለችም።"

"ኮንግ" አልኩት፣ እጄን ትከሻው ላይ ለማድረግ በእግሬ ጣት ቆሜ፣ "ከእኔ እጅ ምግብ አታይም። ቃሌ ነው።"

አልማዝ ነገሩን ስትሰማ በአንድ አፍታ ፈታችው። "ሴቶቹ ቤት ውስጥ ይብሉ፣ ወንዶቹ ማንጎው ሥር ይብሉ፣ ከዚያ ይጫወቱ። አለቀ።" እንዲህ ያለ ሐሳብ ከሚስት ሲመጣ ባል መቀበል አይወድም። "ታዲያ አብረን ስንመገብ የሚያሳየው ፎቶ ከየት ይመጣል?" አልኳት። አርባ ደቂቃ በፈጀው የማታ ጸሎቷ ውስጥ ስሜ ብዙ ጊዜ ሲነሣ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ፕሮግራም አወጣሁ። መጀመሪያ ጨዋታ፣ ምግቡ፣ አሳውም ዶሮውም፣ መሃል ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆያል፣ በጨዋታ ብዛት ዓይን አፋርነቱ ይቀልጣል፣ ከዚያ እንደ አንድ ቤተሰብ እንቀርባለን። የሰው ልጅ ነውር በፕሮግራም የሚቀልጥ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መጣች። ረጅም ሴት ናት፤ ጨርቋን በአንድ ትከሻዋ አስራ፣ በትር የዋጠች ያህል ቀጥ ብላ ገባች። የፕላስቲክ ወንበር ሰጠናት። ፈገግ አላለችም፣ አልተኮሳተረችም፣ አየች ብቻ። ኮንግ ከሩቅ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ሰላም አላትና ሄዶ ከማንጎው ግንድ ጀርባ ተቀመጠ። ኛማል ከእናቷ አጠገብ ሆና የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጠልኩት አምፖል በርቷል። ያን ቀን መብራት ነበረ፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ጥያቄና መልሱ ጥሩ ሄደ። ኮንግ ሁለት መለሰ፤ ኡመድ አንድ ተሳስቶ ሁሉንም አሳቀ። ከዚያ ወንበሮቹን ክብ አድርገን፣ ኡመድ ጀሪካን እየመታ፣ ሲያቆም ወንበር ያጣ የሚወጣበትን ጨዋታ ጀመርን። ጀሪካኑ ዝም ሲል ኮንግና አንዲት ትንሽ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ደረሱ። ኮንግ ቀድሞ ነበር። እንደ መቀመጥ ካለ በኋላ ቀና ብሎ ወንበሩን ለልጅቷ ለቀቀላት። የኛማል እናት ራሷን በጣም በጥቂቱ ነቀነቀች። እኔም አየሁ፣ ኛማልም አየች። ፊቷ በራ፤ እኔም ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

እዚህ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ይህን ወግ አትሰሙም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለሴት ብቻ ነው ያለው ማነው?

"የተሸነፈ ይቀጣል!" አልኩ፤ የርዕሰ መምህር ድምፄ ከየት እንደ መጣ አላውቅም። "ቅጣቱም ጉርሻ ነው!"

ቃሌን ረስቼ እንዳይመስላችሁ። አልረሳሁም። ምግብ አልሰጥህም አልኩ እንጂ አላጎርስህም መች አልኩ? ጉርሻ ምግብ ነው እንዴ? ጉርሻ ፍቅር ነው። እኛ አገር ምግብ የሚባለው ሰው በራሱ እጅ የሚበላው ነው፤ ጉርሻማ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ የተቀበለው ሰው ምን ኃጢአት አለበት? ይህን ሁሉ ነገረ መለኮት በአንድ ትንፋሽ አስቤ የጨርቁን ጫፍ ገለጥኩ። እንጀራ ቆረስኩ፣ የዶሮ ሥጋ ፈለቀቅሁ፣ ግማሽ እንቁላል ጨመርኩ፣ ጠቀለልኩ። አልማዝ ከወዲያ "አንተ!" ስትል ሰማሁ። ኮንግ ወደ ኋላ ሲል ግንዱ ያዘው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲያጎርስ መመለስ ነውር መሆኑን እኛው አስተምረነዋል። አማት ፊት መብላት ነውር መሆኑን ደግሞ ወላጆቹ አስተምረውታል። ልጁ በሁለት ነውር መሃል ቆሞ አፉን ከፈተ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ይላል ያገሬ ሰው። እንዳያጣላን ብዬ ሁለተኛውን ደገምኩት።

ኮንግ አያኝክም፣ አይውጥም። ጉንጮቹ ወጥረው፣ ዓይኖቹ ፈጠው ቆሟል። የኛማል እናት ፊቷን ወደ አጥር መልሳ የጨርቋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋለች። ኛማል ከንፈሯን ነክሳለች። ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ሰው ሲደነግጥ ወደ ለመደው ይሮጣል፤ እኔም ወደ ፕሮግራሜ ሮጥኩ።

"አሁን ወንድማችን ኮንግ ይጸልይልናል" አልኩ።

በሕይወቴ ካልኳቸው ነገሮች ሁሉ ከዚህ ጋር የሚወዳደር የለም። ኮንግ አንገቱን ደፋ። ሁላችንም ደፋን። ጠበቅን። የባሮ እንቁራሪቶች ጮኹ። አንድ ማንጎ ወደቀ። ከኮንግ ምንም አልወጣም፤ በአፍንጫው ብቻ በረጅሙ ይተነፍሳል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኡመድ "አሜን!" ብሎ ጮኸና ገላገለን። የኛማል እናት ፊቷን ከአጥሩ ሳትመልስ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" አልኩት ኡመድን።

"ልጁ ሲጸልይ ወሬ አያበዛም፣ ጥሩ ነው ትላለች" አለኝ።

ልትምረው ነው እንዴ ብዬ ቀና ስል መብራት ሄደ።

የጋምቤላን ጨለማ የማያውቅ ጨለማ አያውቅም። እጄን አላየሁትም። መጀመሪያ የተሰማው ከግንዱ አካባቢ አንድ ትልቅ "ጉልቅ" ነው። ኮንግ ዋጠው። ቀጥሎ ጨርቅ ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ ሳህን ከሳህን ሲጋጭ፣ ከዚያ ከዚህም ከዚያም ማኘክ። እነዚህ ልጆች እኮ ጠግበው አያውቁም ነበር! ኮንግ ከጠዋት ጀምሮ ባጃጅ ላይ የዋለ ነው። የኛማል እናት በዚያ ፀሐይ ከጀዊ የመጣች ናት። ነውሩ መታየቱ ነው እንጂ መብላቱ አይደለም፤ ጨለማ ደግሞ ማንንም አያሳይም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ለዚህ ይሁን ለሌላ እንጃ፣ ዶሮውም ማታውም ሆዱም እዚያ ግቢ ውስጥ ተገናኝተዋል። አልማዝ ጨለማው ውስጥ ሸሚዜን ያዘችና በጆሮዬ "ወጤን እየበሉልኝ ነው" አለች። "ዝም ብለህ ተቀመጥ። ለአንድ ቀን ብቻ ዝም በል።"

መቀመጥ ነበረብኝ። ግን ስንት እራት ስጠብቀው የኖርኩት ነገር አጠገቤ እየሆነ ነው፤ ላኪዎቻችንም ፎቶ ይጠብቃሉ። ኪሴ ውስጥ ደግሞ ሲሸኙን "ለጨለማው ምድር ብርሃን ሁኑ" ብለው የሰጡኝ ባትሪ አለ። በግራ እጄ ስልኬን፣ በቀኜ ባትሪውን አወጣሁና አበራሁ።

ብርሃኑ ያረፈው ኮንግ ላይ ነው። አሳውን በሁለት እጁ እንደ ሐርሞኒካ ይዞታል። ደንግጬ ባትሪውን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለስኩት። ብርሃኑ የኛማል እናት ላይ አረፈ። የዶሮ እግር በጥርሷ ይዛለች። እሷ ኮንግን አየችው፤ ኮንግ እሷን አያት። ላጠፋው ተጫንኩ። ይህ ባትሪ አንዴ ሲጫኑት ይበራል፣ ሁለቴ ሲጫኑት ይደምቃል፣ ሦስቴ ሲጫኑት እንደ አምቡላንስ ብልጭ ድርግም ይላል። እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ብልጭ ሲል ኮንግ፣ ብልጭ ሲል አማት፣ ብልጭ ሲል ኮንግ። በመጨረሻ አልማዝ ከእጄ ነጥቃ የውሃ ባልዲ ውስጥ ከተተችው፤ ባልዲው ውስጥም ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲል ቆየ።

መብራት ሲመጣ የኛማል እናትና ኛማል አልነበሩም። ኮንግም ባጃጁን ሳያበራ ሄዷል። ጠረጴዛው ላይ አጥንት ብቻ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ያለፉትን ቀናት መግለጽ ይከብደኛል። ኮንግ መንገድ ላይ እያየን አላየንም ብሎ ማለፍ ጀመረ፤ አልማዝ ከገበያ ድንቹን በፀሐይ ተሸክማ ትመለሳለች። ኛማል መዘምራን መካከል ቆማ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ ግን የለም። እኔ ላገለግላቸው የመጣሁ ሰውዬ የሁለት ልጆች ትዳር በገዛ እጄ ጠቅልዬ አጎረስኩ። እንቅልፍ አጣሁ። ቴሌግራሙን ዘጋሁት። አልማዝ አልተቆጣችኝም፤ ይህ ደግሞ ከቁጣዋ ይልቅ አስፈራኝ።

ወሬው ጀዊ ደረሰ። የኛማል ታላቅ አጎት፣ ግንባሩ ላይ ድርድር መስመር ያለው ሽማግሌ፣ ነገሩን ሊያጣራ ከተማ መጣ። ባሮ ዳር ባለ ዘመዳቸው ግቢ ሁለቱ ቤተሰቦች ተቀመጡ፤ እኛንም፣ ያን ማታ የነበሩትን ወጣቶችም ጠሩን። ኮንግ ራሱን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ኛማል ከሴቶቹ ጋር በራፉ ላይ ናት። አጎትየው ኡመድን አስተርጓሚ አድርጎ ጀመረ።

"ይህ ልጅ በልጃችን እናት ፊት በላ ተብሎ ሰምቻለሁ። ከሆነ፣ ስለ ከብት የምንነጋገረው የለም። ቤታችን እንሄዳለን።"

ወጣቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ያለ አለ፤ እየጸለይኩ ነበር ያለች አለች። ኡመድ ራሱ ተጠይቆ፣ ጥያቄውን ለራሱ ተርጉሞ፣ "እኔ ጨለማ እፈራለሁ፣ ፊቴን ሸፍኜ ነበር" ብሎ መለሰ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ።

"ባትሪ የያዝከው አንተ ነህ። የቤተ ክርስቲያን ሰው አይዋሽም ይባላል። ምን አየህ?"

አልማዝን አየኋት፤ መሬቱን ታያለች። ያኔ የኛማል እናት ተናገረች። ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳታይ ነበር፤ ኡመድም እንደ እሷ ቀስ ብሎ ተረጎመ።

"ልጁ ሲበላ አላየሁም። እኔም አልበላሁም። አንድም ልጅ አልበላም። ምግቡ ግን ብዙ ነበር፣ አለቀ። የት እንደ ሄደ ባለቤቱን ጠይቁት።"

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። የፈለገችው ነገር ሌላ ነበር፤ በቋንቋዋ አንድ ቃል የማላውቅ ሰውዬ ገባኝ።

ስንቱን ልጅ ዋሸህ ብዬ በሰልፍ ፊት አንበርክኬያለሁ። አሁን ሰልፉ ሁሉ እኔን ያያል። ኮንግ ከጉልበቶቹ መሃል ቀና አለ። በራፉ ላይ ኛማል አፏን በእጇ ይዛለች።

"እኔ ነኝ የበላሁት" አልኩ።

"አሳውን?" አለ አጎትየው።

"አሳውን።"

"ዶሮዎቹንም?"

"ዶሮዎቹንም።"

"ለዚያ ሁሉ ሰው የተሠራውን፣ ብቻህን፣ በጨለማ?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ያኔ በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቀው አልማዝ፣ ለበዓል ገበያ እንኳ ዋጋ ቀንሳ የማትነግረኝ አልማዝ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"ለእኔ እንኳ አላስቀረልኝም" አለች።

ሽማግሌው ዓይኑን ከፊቴ አወረደና ሆዴን አየ። ከላይ አየው፣ ከጎን አየው፣ ጊዜ ወስዶ መረመረው። ከዚያ ኡመድን ሳይጠብቅ፣ በራሱ አማርኛ፣

"ይሆናል" አለ።

እና የመጀመሪያዋ ላም ቡሬ ትሁን ወይስ ዳለቻ ወደሚለው ተመለሱ።